ፓስታ፣ ኑድል፣ ዳምፕሊንግ፣ ሳምቡሳ፦ ሜኑ ላይ ማንን ከማን ጋር ላስቀምጥ?

ብርድ_ለመዷ (ደብረ ብርሃን)

ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ብርሃን ላይ አንዲት ትንሽ ምግብ ቤት አለችኝ። ሜኑዋን እንደ አዲስ ላሳትም ነው፣ እና አንድ ነገር አላስኬድ አለኝ።

እስካሁን «ፓስታ» የሚል አንድ ርዕስ ነበረን። ስፓጌቲው፣ መኮሮኒው፣ ላዛኛው፣ ኢንዶሚው ሳይቀር እሱ ስር ታጭቆ ነበር። ሳምቡሳ ደግሞ ቁርስ ላይ ከቦንቦሊኖ ጎን። ማንም ምንም ብሎን አያውቅም። አሁን ግን አዲሱ ሼፋችን ራቪዮሊና ቻይናዎቹ በእንፋሎት የሚያበስሉትን ዳምፕሊንግ መሥራት ጀመረ፤ ፋብሪካ የሚሠሩት ደንበኞቻችን ወደዱት፣ ተማሪዎቹም እስቲ እንሞክረው እያሉ ይመጣሉ፣ ስለዚህ ሜኑው ላይ መግባቱ የግድ ነው።

የት ይግባ? ሼፉ «ራቪዮሊ ፓስታ ነው፣ ዳምፕሊንግ ግን ሌላ ዘር ነው፣ እንዳትቀላቅይብኝ» ይላል። ካሸር ላይ ያለው የእህቴ ልጅ «ሁለቱም ሥጋ በሊጥ ተጠቅልሎ ነው፣ ምኑ ነው ልዩነቱ?» ይላል። እኔ «እንግዲያው ሳምቡሳስ?» ብዬ ነገሩን አባስኩት። ኑድልና ስፓጌቲም እንደዚያው ናቸው፤ ሁለቱም ረዥም፣ ሁለቱም ስንዴ። የገባው ሰው ካለ ያስረዳኝ። «ሁሉም ያው ነው» የምትሉ እለፉኝ፣ ማተሚያ ቤቱ እየጠበቀ ነው።

ምጣድና_ድስት

እህቴ፣ ሼፍሽም ልክ ነው፣ የእህትሽም ልጅ ልክ ነው፤ የሚመልሱት ጥያቄ ነው የተለያየው። ዱባይ ሆቴል ስሠራ ኔፓላዊው ሞሞ የሚሉትን የአገሩን ዳምፕሊንግ ይጠቀልላል፣ ጆርጂያዊቷ ኺንካሊ የሚሉትን የአገሯን ትቋጥራለች፣ አለቃችን ጣሊያናዊ ነበር፤ ሦስቱም አንዱ የሌላውን ይበላሉ እንጂ በምድቡ ተስማምተው አያውቁም።

በቅርጽ እንዳትመድቢ። በቅርጽ ከሄድሽ የቦሎኛው ቶርቴሊኒና የቻይናው ዎንተን አንድ ላይ ሊሆኑ ነው፤ ሁለቱም ትንንሽ፣ ሁለቱም ታጥፈው ጫፍና ጫፋቸው የተገጠመ፣ ሁለቱም በሾርባ የሚቀርቡ። በአገርም አትመድቢ። በአገር ካልሽ ኞኪና ስፓጌቲ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ ኞኪ ግን የድንች ሊጥ ነው፣ በአሠራሩ ለጀርመንና ለፖላንድ የድንች ድቡልቡሎች ይቀርባል።

ምግብ የሚሠራ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ሊጡን ነው። እርሾ አለው ወይስ የለውም? እንቁላል ገብቶበታል? በቀዝቃዛ ውሃ ነው የተቦካው በፈላ? ይሄ የመጨረሻው ቀላል ይመስላል ግን ብዙ ነገር ይወስናል። ቻይናዎቹ ጅያኦዚ የሚሉትን ዳምፕሊንግ የሚቀቀል ከሆነ በቀዝቃዛ ውሃ ያቦኩታል፣ ምክንያቱም ሊጡ ጠንክሮ የፈላ ውሃ ውስጥ ሳይቀደድ መቆየት አለበት። በእንፋሎት ለሚበስለው ወይም መጥበሻ ላይ ለሚሆነው ደግሞ በፈላ ውሃ ያቦካሉ፤ ሙቀቱ የሊጡን ጉልበት ይሰብረዋል፣ ሲዳመጥ ወደ ኋላ አይሸሽም፣ ሲበላም ለስለስ ይላል። ሼፍሽ በእንፋሎት የሚሠራ ከሆነ ጠይቂው፣ በፈላ ውሃ ሳያቦካው አይቀርም።

ቀጥሎ ሊጡ ምን ተደረገ ነው። ተጎተተ? ላሚየን የሚባለው የቻይና ኑድል በእጅ እየተጎተተና እየታጠፈ ነው የሚቀጥነው። ተዳምጦ በቢላ ተቆረጠ? የጃፓን ኡዶን እንደዚያ ነው፣ የጣሊያን ታሊያቴሌም እንደዚያ ነው። ወይስ በቀዳዳ ተገፍቶ ወጣ? ደረቁ ስፓጌቲና መኮሮኒ እንደዚያ ነው፣ የኮሪያው ቀዝቃዛ ኔንግሚየንም እንደዚያ ነው። እንግዲህ በእኔ አከፋፈል ታሊያቴሌ ከስፓጌቲ ይልቅ ለኡዶን ዘመድ ነው። ጣሊያናዊው አለቃዬ ይህን ስለው አኮረፈኝ፣ ግን መልስ አልነበረውም።

ውስጡ መሞላቱ የመጨረሻው ጥያቄ ነው። ጣሊያኖች ራቪዮሊን ፓስታ የሚሉት ሊጡ ያው የፓስታ ሊጥ ስለሆነ ነው፤ መሙላት ለነሱ አንድ ተጨማሪ ሥራ ነው። ቻይናዎቹ ደግሞ ከዚያም ሰፋ ያደርጉታል። ኑድሉን፣ ጅያኦዚውን፣ በእርሾ የሚነፋውን ባኦዚ፣ ምንም የሌለበትን የእንፋሎት ዳቦ ሳይቀር አንድ የስንዴ ዱቄት ምግብ ቤተሰብ ውስጥ ያስገቡታል። ጣሊያናዊ ዳቦን ከፓስታ ጋር ደባልቀህ ጻፍ ብትዪው አገር ይቃጠላል።

ሳምቡሳ? እሱ ነው ከባዱ። ሊጡ እርሾ የለውም፣ የተሞላ ነው፣ ታጥፎ ተዘግቷል። በዚህ ሁሉ የራቪዮሊ ወንድም ነው። ግን ሊጥ ሲቀቀል ውሃ ይጠጣል፣ ዘይት ውስጥ ሲገባ ያለውንም ውሃ ያጣል። አንዱ ይለሰልሳል፣ ሌላው ይንኮሻኮሻል። እኔ ብሆን ለብቻው አስቀምጠው ነበር። «ጅያኦዚም እኮ መጥበሻ ላይ ይሠራል» የሚለኝ ይመጣል፣ አውቃለሁ። እሱ ግን ታቹ ቡናማ እስኪሆን ከተጠበሰ በኋላ ውሃ ጠብ ተደርጎበት ተከድኖ በእንፋሎት ነው የሚጨርሰው።

ሁሉም_ሊጥ_ነው

እለፉኝ ብለሻል ግን አላልፍም። ረሃብተኛ ሜኑ አያነብም። «ዛሬ ምን አላችሁ» ይላል፣ ያላችሁትን ያዛል፣ በቃ። እኔ ቤት ፓስታ በእንጀራ ነው የሚበላው፤ እሱን የት ልትመድቢው ነው?

የእነዋሪ_ልጅ

ጠያቂዋ «ሁለቱም ስንዴ» ያልሽው ላይ ልግባ፣ እኛ ሞረትና ጅሩ ስንዴ አምራቾች ስለሆንን ዝም ማለት አይሆንልኝም። አንድ ስንዴ አይደለም። ደረቁ ፓስታ የሚሠራው ከዱረም ነው፤ ፍሬው ጠንካራ፣ መልኩ ወደ ቢጫ የሚያደላ፣ ሲፈጭ እንደ ዱቄት ሳይሆን ሸካራ ሰሞሊና የሚወጣው። ኑድሉ፣ ዳቦው፣ የዳምፕሊንጉ ሊጥ ከዳቦ ስንዴ ነው። በዘርም ይለያያሉ፤ ዱረም 28 ክሮሞዞም ነው ያለው፣ የዳቦ ስንዴ 42።

ወጥ ቤት ውስጥ ምን ለውጥ ያመጣል ካላችሁ፣ የዱረም ሊጥ ጠንካራ ነው ግን ብዙ አይለጠጥም። ጎትተሽ ላሚየን ልሥራ ብትዪ ይበጠስብሻል። በቀዳዳ ተገፍቶ ሲደርቅ ግን ቅርጹን ይይዛል፣ ሲቀቀልም ቀጥ ብሎ ይወጣል። ለዚህ ነው ጣሊያን በ1967 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሕግ ደረቅ ፓስታ ከዱረም ሰሞሊና መሠራት አለበት ያለው። የዳቦ ስንዴ የበዛበት ፓስታ ገዝቶ የቀቀለ ሰው ያውቀዋል፤ ትንሽ ከዘነጋሽው ይፈርሳል፣ ውሃውም ይደፈርሳል።

አሁን የሚገርመውን ልንገራችሁ። ቦሎኛ አካባቢ የሚሠራው ትኩስ የእንቁላል ፓስታ፣ ቶርቴሊኒም ጭምር፣ ከለስላሳው ስንዴ ነው። ለማጠፍ የሚለጠጥ ሊጥ ያስፈልጋላ! ስለዚህ በስንዴው ከሄድን የሼፍሽ ራቪዮሊ ሊጥ በእንቁላል የተሠራ ከሆነ ከስፓጌቲው ይልቅ ለዳምፕሊንጉ ይቀርባል። የእህትሽ ልጅ ይሄን ያሳየው።

ዱረምን የጣሊያን ነገር አድርጋችሁ እንዳታዩትም። ሩሲያዊው የእጽዋት ተመራማሪ ቫቪሎቭ በ1927 እ.ኤ.አ. አገራችን መጥቶ የስንዴ ዘር ሲሰበስብ የደነቀው የዚሁ የዱረም ወገን ብዛትና ዓይነት ነው። እኛ ለዳቦም፣ ለቂጣም፣ ለንፍሮም ስናውለው ኖረናል። ክር አድርጎ መብላቱ ብቻ ነው ከጣሊያን የመጣው።

ታሪክ_ወዳድ

ኑድልን የቬኒሱ ነጋዴ ማርኮ ፖሎ ነው እኮ ከቻይና ወደ ጣሊያን የወሰደው። ስለዚህ ፓስታ የኑድል ልጅ ነው፣ ክርክሩ አለቀ።

ምጣድና_ድስት

ታሪክ ወዳድ፣ አላለቀም። ማርኮ ፖሎ ቬኒስ የተመለሰው በ1295 እ.ኤ.አ. ነው። አል-ኢድሪሲ የሚባለው የአረብ ጂኦግራፊ ጸሐፊ ግን በ1154 እ.ኤ.አ. ሲሲሊ ውስጥ ትራቢያ የምትባል ቦታ ላይ ኢትሪያ የሚሉት ደረቅ የሊጥ ክር እየተሠራ በመርከብ ወደ ሌላ አገር እንደሚላክ ጽፏል። ከመቶ ዓመት በላይ ልዩነት ነው። የሚጓዝ ደረቅ ምግብ የሚፈልግ ነጋዴ ቻይና መሄድ አያስፈልገውም።

የእነዋሪው ልጅ፣ ራቪዮሊው ላይ ያልከውን ተቀብያለሁ። አለቃዬ ቢሰማ ግን ሁለታችንንም ያባርረን ነበር።

ማሾ_በጆንያ (ሸዋ ሮቢት)

ስለ ስንዴ ብቻ ነው እንዴ የምታወሩት። እኛ ቆላ ወርደን ማሾ እንዘራለን፤ ቀወትም ኤፍራታና ግድምም። አብዛኛውን ወደ ውጭ ነው የምንልከው። ቻይና ውስጥ ከማሾ ስታርች ያ እንደ መስታወት የሚያሳይ ቀጭን ኑድል ይሠራበታል። ስንዴ የለውም፣ ስለዚህ ሊጡን የሚያያይዝ ግሉተን የለም፤ ስታርቹ ራሱ ሲበስል ነው የሚጣበቀው። የሩዙ ኑድልም እንደዚያው ነው። አንዱ ዓይነት ሩዙ ተዘፍዝፎ ይፈጭና ቀጭን ሊጥ ይሆናል፣ እንደ እንጀራ በስሱ ተዘርግቶ በእንፋሎት ይበስልና ከዚያ ይቆረጣል።

ቻይናዎቹ እነዚህን ከስንዴው ኑድል ጋር አንድ ስም አይሰጧቸውም። የስንዴው ሚየን ነው፣ የሩዙና የማሾው ፌን ነው። ለኛ «ኑድል» ብለን የጠቀለልነው ለነሱ ሁለት የተለያየ ምግብ ነው። ሜኑሽ ላይ ኑድል ስትዪ ከምን እንደተሠራ ጻፊበት። ስንዴ የማይስማማው ሰው አለ፣ የሩዝ ነው ብሎ የስንዴ ቢበላ ይታመማል።

ረቡዕ_ዓርብ

ሁላችሁም ዋናውን ረሳችሁት። ደብረ ብርሃን ላይ ምግብ ቤት ከፍቶ ሜኑ የሚያወጣ ሰው መጀመሪያ የሚለየው ጾምና ፍስክ ነው! ረቡዕ ገብቼ «ይሄ ምን አለበት?» ስል አስተናጋጁ «ፓስታ ነው፣ የጾም ነው» ይለኛል። የትኛው ፓስታ?

እስቲ በዚህ እንየው። ደረቁ ስፓጌቲና መኮሮኒ አብዛኛው ሰሞሊናና ውሃ ብቻ ነው፣ ለጾም ይሆናል፤ ካርቶኑን ግን አንብቡ፣ እንቁላል ያለበትም ይሸጣል። ትኩሱ ታሊያቴሌና ራቪዮሊ እንቁላል አለበት፣ አይሆንም፣ ራቪዮሊው ውስጥ አይብ ካለ ደግሞ በሁለት ወገን አይሆንም። ላዛኛም ከነወተቱ ከነአይቡ ወዲያ። ቢጫው የቻይና ኑድል ያታልላል። አንዳንዱ ቢጫ የሆነው በእንቁላል ነው፣ አንዳንዱ ደግሞ ሊጡ ውስጥ በሚገባው አልካሊ (እንደ ሶዳ ያለ ጨው) ነው፤ የጃፓን ራመን የሚሠራበት ኑድል ቢጫ የሚመስለው በሱ ነው። አሜሪካማ ይባስ ብሎ በሕጉ «ኑድል» ተብሎ የሚሸጥ ነገር ከክብደቱ ቢያንስ 5.5 በመቶው ደረቅ የእንቁላል ክፍል እንዲሆን ይጠይቃል። እዚያ ኑድል ማለት በደንቡ ፍስክ ነው።

የዳምፕሊንጉ ሊጥ ግን ዱቄትና ውሃ ነው። በጎመን፣ በካሮትና በእንጉዳይ ብትሞሉት ንጹሕ የጾም ምግብ ነው። የዎንተኑ ስስ ሊጥ ላይ ግን ተጠንቀቁ፣ ብዙ ጊዜ እንቁላል ይገባበታል። ፈጣኑ ኑድል ውስጥ ያለው የቅመም ከረጢትም የዶሮ ወይም የሥጋ ሊሆን ይችላል። ሳምቡሳ በምስር ለኛ የታወቀ ነው፣ እሱ ላይ ክርክር የለም።

አንድ ቀልድ ልጨምር። ደቡብ ጀርመን ውስጥ ማውልታሸን የሚባል ትልቅ የተሞላ ሊጥ አለ። እንደ አፈ ታሪኩ መነኮሳት በዐቢይ ጾም ሥጋውን ፈጭተው ከቅጠላ ቅጠል ጋር ቀላቅለው ሊጥ ውስጥ ደበቁት፣ እግዚአብሔር እንዳያይ። ምግቡ እዚያ እስከ ዛሬ ይህንኑ ማታለል የሚያነሳ የቀልድ ስም አለው። በእኛ አገር ቢሆን ንስሐ አባት ይበቃቸው ነበር።

ጭብጦ_በኪሴ (መንዝ)

ስለ ቻይናና ስለ ጀርመን ይህን ሁሉ ስትሉ የራሳችንን ማንም አላነሳም። የበሶ ጭብጦስ? ትግራይ ውስጥ አጋሜ አካባቢ ያለው ጥህሎስ? የገብስ ዱቄት ሊጥ ነው፣ ድቡልቡል ነው፣ በእንጨት ሹካ እየተወጋ ወጥ እየተነከረ ይበላል። ኞኪ ዳምፕሊንግ ከሆነ ጥህሎ ምን ጎደለው? እኛ መንዞች በሶ ይዘን ስንት ዳገት ወጥተናል፣ ዳምፕሊንግ መብላታችንን ሳናውቅ!

ምጣድና_ድስት

ሃሃ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። ጥህሎና ጭብጦ ላይ አንድ ነገር ይለያል። ገብሱ የሚበስለው ሊጥ ከመሆኑ በፊት ነው፤ ይቆላል፣ ይፈጫል፣ ከዚያ ይታሻል። ከታሸ በኋላ እሳት አያየውም። ዳምፕሊንግ የሚባለው ሁሉ ደግሞ ጥሬ ሊጥ ሆኖ ነው ውሃ ወይም እንፋሎት ውስጥ የሚገባው። የጥህሎ ዘመድ የቲቤቶቹ ጻምፓ ነው፤ እነሱም ደጋ ላይ ናቸው፣ እነሱም ገብስ ቆልተው ፈጭተው በሻይና በቅቤ ያሹታል። ማገዶ እምብዛም ለሌለበት ብርድ አገር የሚሆን ብልሃት ነው።

እውነተኛ የአገራችን ዳምፕሊንግ ከፈለግህ ወደ ደቡብ ሂድ። ኮንሶና ጋሞ አካባቢ ኩርኩፋ አለ፤ የበቆሎ ወይም የማሽላ ሊጥ ድቡልቡል ተደርጎ ከሽፈራው ወይም ከጎመን ቅጠል ጋር ይቀቀላል። ውስጡ ምንም አልተሞላም። ይሄ በየትኛውም አገር ሚዛን ዳምፕሊንግ ነው። «ዳምፕሊንግ» የሚለው ሰውን የሚያጣላው የተሞላውንም ያልተሞላውንም ስለሚይዝ ነው።

ጭብጦ_በኪሴ (መንዝ)

ማገዶ ያልከው አሳመነኝ። ቢሆንም ጭብጦን ከሜኑ አታውጡብኝ።

ብርድ_ለመዷ (ደብረ ብርሃን)

ወይ ጉድ፣ አንድ ቀን ሳልገባ ይህን ሁሉ ጻፋችሁ! ለሼፉ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ታሊያቴሌ ለኡዶን ዘመድ ነው ሲባል ሳቀ፣ ራቪዮሊው ለዳምፕሊንግ ይቀርባል ሲባል ግን ማማሰያውን አስቀመጠ።

እንዲህ አደረግኩት። «ፓስታ» ስር ስፓጌቲ፣ መኮሮኒ፣ ላዛኛ። «ኑድል» ስር ኢንዶሚውና የሩዙ፣ ከምን እንደተሠሩ ተጽፎ። ቀጥሎ «የተሞላ ሊጥ» የሚል አዲስ ርዕስ፣ ራቪዮሊ፣ ዳምፕሊንግና ሳምቡሳ አንድ ላይ፣ ከየጎናቸው ቅቅል፣ በእንፋሎት ወይም ጥብስ የሚል። ምጣድና ድስት ሳምቡሳን ለብቻው ብለህ ነበር፣ ይቅርታ፣ ግን ደንበኛ ሲመጣ የሚጠይቀኝ «ውስጡ ምንድን ነው?» ብሎ ነው፤ ሊጡ በምን ውሃ ተቦካ ያለኝ ሰው እስካሁን የለም። በጾም የሚበላው ሁሉ ላይ ምልክት ይደረግበታል፣ ረቡዕ ዓርብ እግዜር ይስጥልኝ። ፓስታ በእንጀራ ቦታው አልተነካም።

አሁን ሌላ ጣጣ አለ። ዳምፕሊንጉን ቅቅልም ለመጨመር አስበን ነበር። ሼፉ አዲስ አበባ ከለመደው ሰዓት በላይ እየወሰደበት ነው፤ ሊጡ ሲለሰልስ ውስጡ ገና ነው፣ ውስጡ እስኪበስል ስንጠብቅ ሊጡ ይፈነዳል። ከዱቄቱ ነው?

ምጣድና_ድስት

ከዱቄቱ ላይሆን ይችላል፣ ከከፍታው ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል ወደ 2,800 ሜትር ነው፤ ውሃ እዚያ የሚፈላው 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። አዲስ አበባም ከፍ ያለ ነው ግን እናንተ ትብሳላችሁ። እሳት ብትጨምሪበት ውሃው ይንተከተካል እንጂ አይሞቅም፤ የሚያፈነዳውም መንተክተኩ ነው።

ስለዚህ ይሄን ሞክሩ። ሥጋውን በደንብ አድቅቁት፣ ከለመዳችሁት ትንሽ አሳንሳችሁ ሙሉት። ሊጡ በቀዝቃዛ ውሃ ይቦካ፣ ከዚያ ተሸፍኖ ይረፍ። ውሃው ሲፈላ ጨምሩት፣ ታች እንዳይዝ አንዴ አማስሉት። እንደገና ሲፈላ አንድ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ ጨምሩበት፤ ሲፈላ ድገሙት፣ ከዚያ ሠልሱት። ሰሜን ቻይና ውስጥ የተለመደ ዘዴ ነው። ውሃው ሳይንተከተክ ሙቀቱ ውስጥ ድረስ ለመግባት ጊዜ ያገኛል። አንዱን አውጥታችሁ ቁረጡና ሥጋው ቀይ አለመሆኑን እዩ። እናንተ ጋ ሦስት ካልበቃ አራት ጊዜ አድርጉት።

ማሾ_በጆንያ (ሸዋ ሮቢት)

ወይም ሮቢት ውረዱ፣ እኛ ጋ ከ95 ዲግሪ በላይ ነው የሚፈላው። ዳምፕሊንጉ ሳይበስል ሰውየው በላብ ይበስላል እንጂ።

ብርድ_ለመዷ (ደብረ ብርሃን)

ኧረ እዚሁ በብርዴ ይሻለኛል። በሦስተኛው ቀዝቃዛ ውሃ ሠራ፣ ከአሥራ ሁለቱ የፈነዳው አንድ ብቻ ነው፣ እሱንም ካሸሩ በልቶታል።